የድንጉላው ማስታወቂያና ታሕት የሌለው ክፍልፋይ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በተባለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ ከሲድኒ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የሀንተር ወንዝ ሸለቆ የሚኖር አንድ የአውስትራሊያ ገበሬ፣ የብርዱ ወራት አልፎ ጸደይ ሲቃረብ ጋዜጣውን ቢገልጥ አንድ የተለመደ ዓይነት ማስታወቂያ አያጣም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሸለቆው ጋዜጣ ማይትላንድ መርኩሪ መታተም የጀመረው በ1843 ነው። እንደ ሌሎቹ የቅኝ ግዛቱ ጋዜጦች ሁሉ፣ እርሱም በየዓመቱ በዚያ ወቅት ባዝራ ላላቸው ገበሬዎች የሚቀርቡ ድንጉላ ፈረሶችን ያስተዋውቅ ነበር።

የማስታወቂያው አሠራር ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም። ብዙ ጊዜ ከራሱ ላይ ትንሽ የፈረስ ምስል ይታያል። ከሥሩ የድንጉላው ስም በጎላ ፊደል ይሰፍራል። ቀጥሎ ቀለሙና በእጅ ስፋት የተለካው ቁመቱ ይነገራል። ከዚያ የዘር ሐረጉ ይዘረዘራል፤ አባቱ እገሌ፣ እናቱ እገሊት፣ የአባቱ አባት እገሌ፣ የእናቱ አባት እገሌ እየተባለ እስከ አምስትና ስድስት ትውልድ ይወረዳል። በእርሻ ትርዒት ያገኘው ሽልማት ካለ ይጠቀሳል፤ ከእንግሊዝ አገር በመርከብ የመጣ ከሆነ ይህ ብቻውን ትልቅ ምስክር ነው። በመጨረሻ ዋጋው በጊኒ ይጻፋል። ጊኒ የሚባለው 21 ሽልንግ የሚመነዘር የእንግሊዞች የዋጋ መለኪያ ነው። ለባዝራዎቹ ጥሩ የግጦሽ መስክ እንደ ተዘጋጀ፣ ተገቢው ጥንቃቄ ሁሉ እንደሚደረግ፣ ለሚደርስ አደጋ ግን ባለቤቱ ኃላፊ እንደማይሆን ይገለጻል።

ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ስለ ድንጉላ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። የሚያገባኝ ስለ ማስረጃ ነው። እነዚህ ማስታወቂያዎች በአብዛኛው ውሸት አልነበሩም። የተጠቀሱት አያቶች በእርግጥ የነበሩ ናቸው፤ ሽልማቱም በእርግጥ ተሰጥቷል። ነገር ግን ገበሬው ሊያውቀው የሚፈልገውን አንድ ነገር፣ ማለትም «ይህ ድንጉላ ከእኔ ባዝራ ምን ዓይነት ፈረስ ይወልድልኛል?» የሚለውን ጥያቄ አይመልሱም ነበር። እውነት የሆኑ ዐረፍተ ነገሮች ተደርድረው ጥያቄው ሳይመለስ እንዴት ሊቀር እንደሚችል መረዳት፣ በእኔ እምነት፣ አንድ የሳይንስ ተማሪ ሊቀስማቸው ከሚገቡ ትምህርቶች የመጀመሪያው ነው።

ሕይወት ያለው ሞተር

በመጀመሪያ ጉዳዩ ለገበሬው ምን ያህል ክብደት እንደነበረው እንመልከት። እንደሚታወቀው፣ ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ኃይል ለገዢዎች ለማስረዳት ያነጻጸረው ከፈረስ ጋር ነበር። ዛሬም የመኪና ሞተር የሚለካበት «የፈረስ ጉልበት» በደቂቃ 33,000 ፉት ፓውንድ ሥራ ነው፤ ይህም 746 ዋት ያህል ይሆናል። በሀንተር ሸለቆ ግን ፈረስ የሞተር ማነጻጸሪያ ሳይሆን ራሱ ሞተሩ ነበር። ማሳው የሚታረሰው፣ እህሉ ወደ ገበያ የሚጓጓዘው፣ ከብቱ የሚጠበቀው፣ ሐኪሙ የሚጠራው በፈረስ ነበር።

በ1788 የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ መርከቦች ወደዚያ ሲደርሱ ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ ጭነዋቸው የመጡት ፈረሶች 7 ብቻ ነበሩ። በ1900 ገደማ የአውስትራሊያ ፈረሶች ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን አልፎ ነበር። በመካከሉ ብዙ ፈረሶች ከውጭ ገብተዋል፤ ቢሆንም አብዛኛው እዚያው የተወለደ ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከኒው ሳውዝ ዌልስ ስም «ዌለር» የሚል መጠሪያ ያገኙት ፈረሶች በሕንድ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር ይሸጡ ጀመር። ይህ ሁሉ ሀብት የቆመበት ምድር ግን ባዶ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። የሀንተር ሸለቆ የዎናሩዋ ሕዝብ አገር ነበር። የፈረስ የዘር ሐረግ በጋዜጣ በጥንቃቄ ሲዘረዘር፣ የምድሪቱ ባለቤቶች ከአያቶቻቸው ርስት ይፈናቀሉ ነበር።

አሁን ራሳችንን በገበሬው ቦታ እናስቀምጥ። ባዝራው የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነው። ውርንጭላው ተወልዶ፣ ጡት ጥሎ፣ ተገርቶ ለከባድ ሥራ የሚደርሰው ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ ገበሬው ገንዘቡን ከከፈለበት ቀን አንሥቶ የገዛው ዕቃ ምን እንደሆነ እስኪያውቅ ድረስ አምስት ዓመት ገደማ ይጠብቃል። ማስታወቂያው ግን በየዓመቱ ይመለሳል። አንድ ድንጉላ በወቅቱ 50 ባዝራ ያጠቃል እንበል። የመጀመሪያው ልጁ ማረሻ ለመጎተት ሲደርስ ድንጉላው 250 ባዝራዎችን አጥቅቶ ክፍያውን ተቀብሏል ማለት ነው። ማስረጃው ከገንዘቡ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ያንን የአምስት ዓመት ክፍተት የሞላው የአያቶች ስም ነበር።

የሐረግ ሒሳብ

የአያት ስም ምን ያህል ይመዝናል? ውርንጭላ ከአባቱ የሚወርሰው የዘረመሉን ግማሽ ነው። ከአንድ አያቱ በአማካይ አንድ አራተኛ፣ ከአንድ ቅድመ አያቱ አንድ ስምንተኛ ይደርሰዋል፤ በአምስተኛው ትውልድ ድርሻው አንድ ሠላሳ ሁለተኛ፣ በአሥረኛው ደግሞ ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ይሆናል። በ1764 የተወለደውና በእሽቅድምድም ተሸንፎ የማያውቀው እንግሊዛዊው ፈረስ ኢክሊፕስ በብዙ ድንጉላዎች ሐረግ ውስጥ ይገኛል። የኢክሊፕስ ዘር መሆን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከስምንት ትውልድ በኋላ በአንድ መስመር ብቻ የሚደርሰው ድርሻ በአማካይ ከ256 እጅ አንዱ ነው። እርግጥ ነው፣ አንድ ታላቅ ፈረስ በብዙ መስመር አያት ሊሆን ስለሚችል ድርሻው ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን ለማወቅ ግን ሁሉንም መስመር መቁጠር ያስፈልጋል፤ ማስታወቂያው የሚመርጠው ዝነኛውን መስመር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ማስታወቂያዎቹ አጥብቀው የሚከተሉት ከአባት ወደ አባት የሚወጣውን የወንድ መስመር ነበር። በዚህ መስመር ሳይከፋፈል የሚተላለፈው ዋይ የተባለው ክሮሞዞም ነው። ፈረስ 64 ክሮሞዞሞች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ ዋይ በጣም ጥቂት ዘረመል የሚሸከም ነው። ከ1704 ገደማ ጀምሮ በእንግሊዝ የነበረው፣ ከሶርያዋ ሐለብ ከተማ የተወሰደው የዳርሊ ዓረብ ድንጉላ በወንድ መስመር የዛሬዎቹ የእሽቅድምድም ወንድ ፈረሶች 95 በመቶ ያህሉ አባት ነው። ፈጣኑም ዘገምተኛውም፣ የተሸለመውም የተረሳውም ያንኑ የወንድ መስመር ይጋራሉ። ሁሉም የሚጋሩት ነገር ደግሞ አንዱን ከሌላው ሊለይልን አይችልም።

ወላጆቹ ራሳቸው የታወቁ ቢሆኑስ? ፍራንሲስ ጎልተን በ1886 ባሳተመው ጥናት የ205 ጥንድ ወላጆችንና የ928 ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጸረ። ከአማካዩ እጅግ የሚረዝሙ ወላጆች ልጆች ከአማካዩ ይረዝማሉ፤ ነገር ግን የወላጆቻቸውን ያህል አይደለም። የልጆቹ ብልጫ የወላጆቹ ብልጫ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሆኖ ተገኘ። የአንድ ተሸላሚ ድንጉላ ብልጫ ከፊሉ ከዘረመል፣ ከፊሉ ከምግብ፣ ከአያያዝና ከዕድል የመጣ ነው። ምግቡና ዕድሉ ለልጁ አይተላለፉም። ስለዚህ ለሻምፒዮናው ዋጋ የከፈለ ገበሬ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከሻምፒዮናው የሚያንስ ውርንጭላ ነው። ይህ ማታለል ሳይሆን ስታቲስቲክስ ነው።

ያልተጻፈው ቁጥር

ከዘር ሐረግ የተሻለው ማስረጃ የልጆቹ ሁኔታ እንደሆነ አስተዋዋቂዎቹም ያውቁ ነበር። ስለዚህ ዕድሜው ገፋ ያለ ድንጉላ ሲኖራቸው «የእገሌና የእገሊት አባት» ብለው የተሸለሙ ልጆቹን ይጠቅሱ ነበር። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ቢሆንም አንድ ቁጥር ይጎድለዋል።

ለምሳሌ ያህል እኔ በራሴ ቁጥር አንድ ስሌት ልሥራ። አንደኛው ድንጉላ 150 ውርንጭሎች ወልዶ 6ቱ ተሸለሙ። ሁለተኛው 40 ወልዶ 3ቱ ተሸለሙ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ስድስት ስም ይደረድራል፤ የሁለተኛው ሦስት። ላዩን ላየ የመጀመሪያው እጥፍ ይበልጣል። ሲካፈል ግን የመጀመሪያው 4 በመቶ፣ ሁለተኛው 7.5 በመቶ ነው። በአንደኛ ደረጃ ሒሳብ እንደተማርነው ክፍልፋይ ላዕልና ታሕት አለው። ማስታወቂያው የሚያሳየን ላዕሉን ብቻ ነው። ታሕት የሌለው ክፍልፋይ ደግሞ ምንም አይነግረንም።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ስድስትና ሦስት ትናንሽ ቁጥሮች ናቸው። በቤተ ሙከራ ጨረር የቆጠረ ተማሪ እንደሚያውቀው የአንድ ቆጠራ ስሕተት የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ያህል ነው። ስለዚህ 6 ማለት 6 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 2.4፣ 3 ማለት 3 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 1.7 ነው። በመቶኛ ሲቀመጥ አንደኛው 4 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 1.6፣ ሁለተኛው 7.5 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 4.3 ይሆናል። ሁለቱ ይደራረባሉ። ታሕቱን ካገኘን በኋላ እንኳ በቅንነት ልንናገር የምንችለው «ገና አላወቅንም» ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የረቀቀው ችግር የባዝራዎቹ ነው። አምስት ጊኒ የሚያስከፍል ድንጉላ ዘንድ ባዝራውን የሚወስደው ማን ነው? ጥሩ ባዝራ፣ ለምለም መስክና የሠለጠነ ፈረስ ጠባቂ ያለው ባለጸጋ ነው። አንድ ጊኒ የሚያስከፍለው ዘንድ የሚሄደው ደግሞ ባዝራው በማረስ የደከመችበት ድሃ ገበሬ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የባለጸጋው ውርንጭላ ሲሸለም ምስጋናው ለድንጉላው ይሆናል። ከፊሉ ግን የእናቲቱ፣ ከፊሉ የመስኩ፣ ከፊሉ የጠባቂው ነው። ውድ የሆነው ድንጉላ ውድ በመሆኑ ብቻ የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል።

የሎርድ ሞርተን ባዝራ

ማነጻጸሪያ ሳይኖር የተደረገ ምልከታ ምን ያህል እንደሚያስት የሚያሳይ ታሪክ በዚያው በፈረስ እርባታ ውስጥ አለ። ሎርድ ሞርተን የተባሉ ስኮትላንዳዊ መኳንንት አንዲት ቀይ ባዝራ ነበረቻቸው። ባዝራዋን የሜዳ አህያ ዘመድ ከሆነው ከኩዋጋ ጋር አዳቀሏትና አንዲት ዲቃላ ወለደች። በኋላ ይህችው ባዝራ ከጥቁር የዓረብ ድንጉላ ጋር ስትገናኝ የወለደቻቸው ውርንጭሎች እግራቸው ላይ መስመር፣ አንገታቸው ላይ ቀጥ ያለ ጋማ ታየባቸው። ታሪኩ በ1821 በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ታተመ። መደምደሚያው ግልጽ መሰለ፤ የመጀመሪያው ወንድ በባዝራዋ ውስጥ አሻራውን ትቷል፣ ከእርሱ በኋላ የሚወለዱትን ሁሉ ይነካል ተባለ። ቻርልስ ዳርዊን እንኳ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እንደ ማስረጃ ተቀብሎታል። ብዙ አርቢዎችም ዝቅተኛ ድንጉላ አንድ ጊዜ የነካት ባዝራ ለዘለቄታው ተበላሽታለች ብለው ያምኑ ነበር።

በ1890ዎቹ ኮሳር ኢዋርት የተባለ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በስኮትላንድ ፔኒኩክ በተባለ ስፍራ ነገሩን ለመፈተን ተነሣ። ማቶፖ የተባለ የሜዳ አህያ ወንድ ገዝቶ ከልዩ ልዩ ባዝራዎች ጋር አዳቀለ። ከዚያ ያንኑ ባዝራዎች ከተራ ድንጉላዎች ጋር አገናኛቸው። ከሁሉ በላይ ግን የሜዳ አህያ አይተው የማያውቁ ባዝራዎች የወለዷቸውን ውርንጭሎችም መረመረ። የመጀመሪያው ወንድ ተጽዕኖ ለመኖሩ አሳማኝ ምልክት አላገኘም። በእግርና በጀርባ ላይ የሚታይ ደብዘዝ ያለ መስመር ደግሞ የሜዳ አህያ ባልነካቸው ባዝራዎች ልጆችም ላይ ይታያል። የሎርድ ሞርተን ምልከታ ሐሰት አልነበረም። ውርንጭሎቹ በእርግጥ መስመር ነበራቸው። የጎደለው «ኩዋጋው ባይኖርስ ኖሮ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። ያ አንድ ጥያቄ በሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ አለፈ።

መዝገቡ ሙሉ ሲሆን

የዘር ሐረግ ለሳይንስ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንግሊዞች ከ1791 ጀምሮ የእሽቅድምድም ፈረሶችን የትውልድ መዝገብ ያሳትሙ ነበር፤ አውስትራሊያም በ1878 የራሷን የመጀመሪያ ቅጽ አወጣች። የሜንዴል ሕግ እንደገና ከተገኘ በኋላ ቻርልስ ሀርስት የተባለ ተመራማሪ ይህን የእንግሊዞች መዝገብ ይዞ ተቀመጠ። በ1906 ባሳተመው ሥራ ጋማቸውና ጅራታቸው ጭምር ቀይ የሆነ ሁለት ፈረሶች ሲገናኙ ልጃቸው ምንጊዜም ቀይ እንደሚሆን፣ ይህም በሜንዴል ሕግ ተሸናፊ ለሚባለው ባሕርይ የሚጠበቀው እንደሆነ አስረዳ። ራፋኤል ዌልደን የተባለው ተቃዋሚው ከዚያው መዝገብ ጥቂት ተቃራኒ ምሳሌዎችን አወጣበት። ሀርስት እነዚያ የምዝገባ ስሕተቶች ናቸው አለ። ዘጠና ዓመት ቆይቶ፣ በ1996፣ ለቀዩ ቀለም ምክንያት የሆነው የዘረመል ለውጥ ተለየ፤ ቀዩ ቀለምም በእርግጥ ተሸናፊ ሆኖ ተገኘ።

ልብ በሉ። የማስታወቂያው ሐረግና የሀርስት ማስረጃ የመጡት ከአንድ ዓይነት መዝገብ ነው። ልዩነቱ አስተዋዋቂው ከመዝገቡ የተመረጡ ስሞችን ሲያወጣ ሀርስት ሁሉንም ውልደት መቁጠሩ ነው። ተቃዋሚውም ያልተስማሙትን ጉዳዮች ፈልጎ በአደባባይ አቀረበ። መዝገብ ማስረጃ የሚሆነው ሙሉ ሲሆንና የሚቃወም ሰው ሲገልጠው ነው።

ከዚያ በኋላ እርባታው ራሱ ቀስ በቀስ ወደዚህ መንገድ ገባ። በብሪታንያ በ1918 የወጣ ሕግ ድንጉላ ለእርባታ ከመዞሩ በፊት ፈቃድ እንዲኖረው አዘዘ፤ በዘር ይተላለፋል የሚባል በሽታ ያለበት እንዲከለከል አደረገ። ከስሙ ይልቅ ራሱ ፈረሱ ተመረመረ ማለት ነው። በወተት ከብቶች ዘንድ ደግሞ ኮርማ ራሱ ስለማይታለብ ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ የሴት ልጆቹ ወተት በብዙ መንጋዎች ውስጥ፣ ከሌሎች ኮርማዎች ልጆች ጎን ለጎን መለካት ነበረበት። በዚህ ልኬታ የአያያዙ ድርሻ ከዘረመሉ ድርሻ እንዲለይ የሚያደርግ የሒሳብ ስልት ተፈጠረ። በ2009 የአንዲት ባዝራ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል ከታተመ ወዲህም የዘረመል ምርመራ ዋጋ የሚኖረው ከተለኩ እንስሳት ውጤት ጋር ሲመሳከር ብቻ ነው።

ከፈረስ ወደ ሰው

ጉዳዩ በፈረስ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ጥቂት ጊኒ በሆነ ነበር። አልቀረም። ያው ጎልተን በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ፈረስና ውሻን መርጦ እንደሚያራባ ሁሉ ባለ ተሰጥኦ የሰው ዘርም ማራባት ይቻላል ሲል ተከራከረ። ማስረጃው የታዋቂ ሰዎች ዘመዶች ታዋቂ ሆነው መገኘታቸው ነበር። በ1883 ለዚህ ሐሳብ «ዩጀኒክስ» የሚል ስም አወጣለት። የባለጸጋውን መስክ እናስታውስ። የዳኛ ልጅ ዳኛ ሲሆን ከፊሉ የመጽሐፉ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የሚያውቁት ሰዎችና የጠገበ ሆድ ውጤት ነው። ጎልተን ሁሉንም በዘር ስም መዘገበው። ከ1907 ጀምሮ በአሜሪካ ግዛቶች «ደካማ ዘር» የተባሉ ሰዎችን በግዳጅ የሚያመክኑ ሕጎች ወጡ፤ ከ60,000 በላይ ሰዎችም የዚህ ሰለባ ሆኑ። የስታቲስቲክስ ስሕተት የሰውን ሕይወት የሚያጠፋው እንዲህ ነው። «ዘር» የሚለው ቃል በሰው ላይ ሲነገር ስትሰሙ የሳይንስ ልብስ ለብሶ ቢመጣም እንኳ ታሕቱን ጠይቁ፤ ማነጻጸሪያውን ጠይቁ።

ከእኛ ዘንድ

አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ እንደሚችል አውቃለሁ። የሀንተር ሸለቆ ገበሬ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ወቅቱ ያልፍበታል፤ ባዝራዋ አንድ ዓመት በከንቱ ልትውል ነው፤ አምስት ዓመት ጠብቆ የሚደረግ ሙከራ ለእርሱ ቅንጦት ነበር። ይህ ትክክል ነው። ገበሬው ሞኝ አልነበረም። የዘር ሐረግ ምንም ከማያውቁት ይሻላል፤ በፕሮባቢሊቲ ቋንቋ ቅድመ ግምት ልንለው እንችላለን። ቅድመ ግምት ግን የተፈጠረው በአዲስ ልኬታ እንዲታረም ነው። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው የእያንዳንዱን ድንጉላ ልጆች፣ የሞቱትንና ያነከሱትን ጭምር፣ በአንድ ደብተር ቢመዘግቡ ኖሮ ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም ማስታወቂያ ሊያሳምናቸው ባልቻለ ነበር። ለዚህ ደብተርና ቅንነት ብቻ ይበቃ ነበር።

እኛስ? በየመንገዱ የተለጠፈውን ልብ ብላችሁ አንብቡ። አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ሃያ ተማሪዎቹ ከፍተኛ ውጤት እንዳመጡ ይነግረናል፤ ስንት ተማሪዎች እንደተፈተኑ ግን አይነግረንም። አንድ መድኃኒት ሻጭ የዳኑ ሰዎችን ምስክርነት ያሰማል፤ ያልዳኑት አይናገሩም፤ ሳይወስዱት የሚድኑትም አይቆጠሩም። ጎበዝ ተማሪ ብቻ መርጦ የሚቀበል ተቋም በተመራቂዎቹ ጉብዝና ይኮራል። እነዚህ ሁሉ የድንጉላው ማስታወቂያ ዘመዶች ናቸው።

ራሴንም ከዚህ አላወጣም። ዶክትሬቴን የሠራሁት በውጭ አገር ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ይህ ሲነገር በተማሪዎቼ ፊት ላይ አንድ ለውጥ አያለሁ፤ ገና አንድ እኩልታ ሳልጽፍ የምታመን መምህር እሆናለሁ። «በመርከብ ከእንግሊዝ የመጣ» የሚለው ቃል ለድንጉላው የሠራለትን ያህል «ከውጭ የተማረ» የሚለውም ለእኔ ይሠራልኛል። በእነዚያ ዓመታት የተማርኩት ጠቅሞኛል፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን ጥሩ አስተማሪ መሆኔን አያረጋግጥም። ያንን ሊያረጋግጥ የሚችለው፣ ሲገቡ ምን ያውቁ የነበሩ ተማሪዎች ከእኔ ዘንድ ሲወጡ ምን መሥራት ቻሉ የሚለው ብቻ ነው። ሲቆጠርም ጎበዞቹ ብቻ ሳይሆኑ ትምህርቱን ያቋረጡትም ጭምር መቆጠር አለባቸው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ይህን በአንድ ደብተር መመዝገብ ጀምሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ውጤቱ ከዶክትሬቴ ያነሰ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን የሚያስተምረኝ እርሱ ነው።

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። የዘር ሐረግም፣ የምስክር ወረቀትም፣ የታላቅ መምህር ስምም እንዲሁ ናቸው። ከጥያቄው ደጃፍ ያደርሱናል፤ ከዚያ ወርዶ መዋጋት የእኛ ፈንታ ነው። ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምር ስም ዝርዝር ሲቀርብላችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ። ከስንቱ? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ያልተሳካላቸውስ የት ተጻፉ? መልስ ካላገኛችሁ ጊኒያችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።